የአያቴ አረንጓዴ ሳንባ

ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ አያቴን በአንዲት የሎሚ ቅጠል ከሞት አድኛለሁ። ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት የማወራው እንዲህ ብዬ ነበር፤ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሠፈር ውስጥ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር። አያቴ አጠገቤ ካለ ራሱን እየነቀነቀ «እውነቷን ነው፣ አልቆልኝ ነበር» ይላል። እናቴ ትስቃለች፤ አክስቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔም እስካሁን በወጉ ስላላመሰገኑኝ አፍረው ነው ብዬ በልቤ ይቅር እላቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው አያቴ የሳሎኑ መስኮት ሥር ቆሞ፣ ትልቅ ጥቁር ላስቲክ የመሰለ ነገር ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ሲመለከት ያገኘሁት ጠዋት ነው። አያቴ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እሱ ጡረታ ቢወጣም አውቶቡሱ ከሱ አልወጣም። ገበታ ላይ ስንቀመጥ «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ» ይለናል፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲስብ በሁለቱም ትከሻው በኩል ዞር ዞር ብሎ ያያል። ያን ጠዋት ግን ወጉንም ቀልዱንም ትቶ ላስቲኩን ያያል። ላስቲኩ ላይ ነጫጭ የጎድን አጥንቶች ተደርድረዋል። ከላይ፣ በአንድ በኩል፣ ብጣሽ ደመና የመሰለ ነጭ ነገር አለ።

«አባባ፣ ምንድነው እሱ?»

«ፎቶ ነው። ሐኪም ቤት ቆዳ አልፎ የሚያነሣ ካሜራ አለ።»

«የማን ፎቶ ነው?»

አያቴ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«የኔ ነው» አለ አያቴ።

«ይሄ ደመናውስ?»

«እሱማ ያለ ትኬት የተሳፈረ ነው። እናስወርደዋለን።»

ይህን እንዳለ ሳል ያዘው። በእርግጥም አያቴ ይስላል። የሚያስለው እናቴን ተደብቆ ከደረጃው ሥር የሚያጨሰው ሲጋራ ነበር። ይህን ደግሞ እናቴም፣ ጎረቤቱም፣ ከደረጃው ሥር የምትተኛው ድመትም ያውቁ ነበር፤ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ የሰማሁት አንድ ሳል፣ ያየሁት አንድ ደመና ነው። ሁለቱን አገናኘሁና አያቴ ሊሞት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ደረቱ የአያቴ አልነበረም። የአክስቴ ነበር።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ እቴቴ ነበር የምላት። ያኔ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች፣ ኅትመት ክፍል። ዚንክ ላይ ትጭራለች፣ ጭረቱን በአሲድ ታስበላለች፣ ቀለም ቀብታ በትልቁ ማተሚያ ወረቀት ላይ ታወጣዋለች። ሐኪሙ ሳንባ ነቀርሳ ነው ያላት ልክ የመመረቂያ ሥራዋን ልትጀምር ስትል ነው። መድኃኒቱን ሰጣትና አሲዱንም፣ የማተሚያ ቀለሙንም፣ የቀለም ማቅጠኛውንም አንድ ላይ ከለከላት። ፀሐይና አየር ያስፈልግሻል አላት። ስለዚህ ሰገነቱ ላይ የነበረችው የአሮጌ ዕቃ ማጎሪያ ክፍል ተጠርጋ ለሷ ተሰጠች።

ለኔ የተነገረኝ «እቴቴ ፈተና አለባት፣ እንዳትረብሺያት» የሚል ብቻ ነው። ለጎረቤት ደግሞ የታመመው አያቴ ነው ተባለ። ለትዳር የደረሰች ልጅ ደረቷን ታመመች ከተባለ፣ እሷ ድና ወሬው ሳይድን ይቀራል፤ የሽማግሌ ሳል ግን ማንንም አያስደንቅም። ሐሳቡን ያመነጨው ራሱ አያቴ ነው አሉ። ሲያመነጨው ምን ያህል እንደሚደሰትበት ማንም የገመተ የለም።

እኔ ግን በዚያ ሰሞን እቴቴ ላይ ቂም ቋጥሬ ነበር። ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቀለም በነካው እጇ አንሥታ ታሽከረክረኝ ነበር። አሁን ግን ሰገነት ላይ ወጥታ ኮራች። ደረጃው የሚያልቅበት ቦታ ላይ በጠመኔ መስመር አሠመረችና «ከዚህች እንዳታልፊ» አለችኝ። አትስመኝም። ሰማያዊ ኩባያ ለብቻዋ፣ ሳህን ለብቻዋ ይዛለች። ቀረብ ስል ወደ ኋላዋ ትሸሻለች። የተማረ ሰው እንዲህ ነው ማለት ነው ብዬ ንቄ ተውኳት። በኋላ እንደሰማሁት፣ መድኃኒቱን ትንሽ ከቆየች ወዲያ ሐኪሙ «አሁን ለሰው አታስተላልፊም» ብሏት ነበር። አላመነችውም። ሐኪም ሊሳሳት ይችላል፣ ይቺ ልጅ ግን አንድ ናት ብላ ነው አሉ። ይሄን እኔ በምን ልወቀው? የማየው የጠመኔውን መስመር ነው።

ታዲያ መስመሬ ላይ ተቀምጬ የምታደርገውን ሁሉ አያለሁ። መጀመሪያ የሞከረችው ቅጠል በሁለት ወረቀት መካከል አድርጋ መርገጥ ነው። በተረከዟ ቆማ ትዞርበታለች፣ ትዘልበታለች፣ ጠርሙስ ታንከባልልበታለች። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ግን አንድ የማይረባ እርጥብ ነገር ነው። አያቴ ከኋላዬ ብቅ ብሎ ለጥቂት ጊዜ አየና «ልጄ፣ ከፈለግሽ ጓደኞቼን ልጥራና አውቶቡስ ይሂድበት» አላት። እቴቴ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረባትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አያቴም ወዲያው የራሱን ሳል ለቀቀው፣ የሷ እንዳይሰማ። ይሄን ያወቅሁት ግን አሁን ነው፤ ያኔ ሁለቱም አቧራ ነክቷቸው መስሎኛል።

ቀጥሎ ቆስጣ መጣ። ቅጠሉን በሙቀጫ ትወቅጠዋለች፣ በአሮጌ የትራስ ልብስ ትጨምቀዋለች፣ አረንጓዴውን ውኃ በብሩሽ ወረቀት ላይ ትቀባና ጨለማ ክፍሏ ውስጥ ታደርቀዋለች። ከዚያ በላዩ ቅጠል ታስቀምጥና መስታወት ጭና፣ ጠርዙን በድንጋይ አስይዛ ፀሐይ ላይ ትተወዋለች። ቀናት ያልፋሉ። መስታወቱ ሲነሣ ወረቀቱ ነጣ ብሏል፤ ቅጠሉ የሸፈነው ቦታ ግን እንደ አረንጓዴ ጥላ ቀርቷል። ያለ ማተሚያ፣ ያለ ቀለም፣ ያለ አሲድ!

«እቴቴ፣ ሌላው የት ሄደ?» አልኳት ከመስመሬ ላይ።

«ፀሐይ በላችው። የተሸፈነውን አትነካም፣ ያገኘችውን ትበላለች።»

እናቴ ግን በዚህ አልተደነቀችም። ከሥራ ስትመለስ የቆስጣውን ዘንቢል ገልብጣ ታየውና ወደ ላይ ትጮሃለች፦ «እኔ የምለው፣ እዚህ ቤት ቆስጣ ይበላል ወይስ ይታተማል?»

«ሁለቱም!» ትላለች እቴቴ ከላይ።

«አንዱን እንኳ ባየሁ!»

ከቆስጣው በኋላ ቀይ ሥር ተሞከረ። ጣጣ ያመጣብን እሱ ነው። እቴቴ ቀይ ሥሩን የጨመቀችበትን የትራስ ልብስ አጥባ፣ ሳይለቅላት ቀርቶ፣ ከአያቴ ካናቴራ አጠገብ ገመዱ ላይ አሰጣችው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ከመስኮቷ አየችው። እሷ ደግሞ ያየችውን ነገር ብቻዋን የምትይዝ ሴት አይደለችም። ሾርባ በእጇ፣ እንባ በዓይኗ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ደም ጀመረዎት እንዴ?» አለች ገና ከበሩ።

አያቴ ጋዜጣ እያነበበ፣ እግሩን ሰቅሎ፣ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ነበር የተቀመጠው። ጋዜጣው ከእጁ ቀስ ብሎ ወረደ። ትከሻው ተቆለመመ። ከዚያ አሮጌ አውቶቡስ ዳገት ሲወጣ የሚያሰማውን ዓይነት ሳል ከሥር ጀምሮ አመጣው፤ ማርሽ ሲቀይር ሁሉ ይሰማል።

«ምን ላድርግ ብለሽ ነው፣ ልጄ... ዕድሜ ነው...»

«እኔን! እኔን ያስለኝ!»

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ፊቷ ሳሙና በበላው ጨርቅ ቀለም ሆኗል። «አባባ» አለችው በጥርሷ መካከል፣ «አታብዛው።»

ምነው ልቧ እንዲህ ጨከነ አልኩ። ሰው ደም እየተፋ አታብዛው ይባላል? ልብስ ሰፊዋም እንደኔ ሳትታዘባት አልቀረችም፤ ሾርባውን ለአያቴ አስረክባ፣ ግንባሩን ስማ ወጣች። በሩ እንደተዘጋ አያቴ ሾርባውን አሸተተና «ጎበዝ ሴት ናት፣ ቅመሟ ልክ ነው» አለ።

የባሰው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። ሾርባው በሰማያዊው ኩባያ ተቀዳና ወደ ሰገነት ወጣ። እቴቴ የታማሚ ሽማግሌ ሾርባ ቁጭ ብላ ስትጠጣ በዓይኔ በብረቱ አየኋት። አያቴ ራሱ ነው ያወጣላት፤ አፏን እያየ «ጨርሺው፣ እስከ ታች» ይላታል። የዚያን ቀን ከሁሉም ጋር ተኳረፍኩ። ይህን ሰው ከኔ በቀር የሚያስብለት እንደሌለ ገባኝና ሕክምናውን ራሴ ያዝኩት። ጠዋት ጠዋት ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ፣ ምላሱን አያለሁ፣ ትራሱን አስተካክላለሁ። እሱም «ዶክተር፣ ዛሬ እንዴት ነኝ?» እያለ ይታዘዘኛል። ሲጋራው ሸተተኝ ብዬ ሳስጥለውም ተስፋ ቆርጦ ነበር የጣለው፤ እናቴ ስንት ዓመት የለመነችውን ማለት ነው።

በዚህ መሀል እቴቴ ጥቁሩን ፎቶ ሰገነት ላይ አወጣችው። ቆስጣ በተቀባ ወረቀት ላይ አነጠፈችው፣ መስታወቱን ጫነችበት፣ ለፀሐይ ሰጠችው። እናቴ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አየችውና ዘንቢሉን አስቀመጠች። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ፤ አላዩኝም።

«ለምንድነው ይሄን የምትሠሪው? እኔ ማየቱም ይከብደኛል።»

«ቀኑን ሙሉ እሱን እያሰብኩ ነው የምውለው። ጭንቅላቴ ውስጥ ከሚቀመጥ እዚህ ይቀመጥ።»

«ይጠፋል ተብለሻል።»

«ባይጠፋስ? መድኃኒቱ እምቢ ካለስ? አባባን አይተሽዋል? ስቆ ስቆ ፊቱን ሲያዞር አይተሽዋል?»

እናቴ ወደ ዘንቢሉ ዞረች። ልብሶቹን ማሰጣት ጀመረች፤ አንዱን ሸሚዝ ደጋግማ ስታራግፈው ትዝ ይለኛል። እቴቴ የምትፈራው የራሷን ሞት ነበር፣ ሃያ ምናምን ዓመቷ ላይ። እኔ የሰማሁት ግን አባባ የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

መስታወቱ በተነሣ ጊዜ አረንጓዴ ደረት ወጣ። አጥንቶቹ ነጫጭ፣ ሳንባዎቹ የቆስጣ ቀለም ናቸው። ደመናው በነበረበት ቦታ ግን ፀሐይ አልፋ ወረቀቱን በልታዋለች፤ ነጭ ቀዳዳ ሆኗል። ነገሩ ሁሉ በአንዴ ግልጽ ሆነልኝ። የአያቴ ሳንባ ተቀዷል። ነፋስ የሚገባው በዚህ ነው፣ የሚያስለውም ነፋሱ ነው። እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ቆመው ያዩታል እንጂ አንድ ሰው እንኳ እንድፈነው የሚል የለም!

እቴቴ በዚያው ዕለት አዲስ ወረቀት ዘረጋችና ያንኑ ፎቶ እንደገና ጫነችበት። ከምሳ በኋላ እንደ ልማዷ ልትተኛ ገባች። እኔ ጓሮ ወርጄ ከሎሚው ዛፍ አንዲት ቅጠል መረጥኩ፤ ትንሽ፣ ወፍራም፣ ነፋስ የማታሳልፍ። በካናቴራዬ ወለወልኳት። የጠመኔውን መስመር በአንድ ዝላይ አለፍኩ። ሲሚንቶው እግሬን ያቃጥላል። ድንጋዮቹን አንሥቼ፣ መስታወቱን በሁለት እጄ ቀና አድርጌ፣ ከፎቶው ሥር፣ ልክ ከደመናው በታች ቅጠሏን አስገባሁ። አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ ሆና ከላይ ለሚያይ አትለይም። ሁሉንም እንደነበረ መልሼ በሩጫ ወረድኩና ጆሮዬን አያቴ ደረት ላይ ለጠፍኩ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ... ኧረ ቀለል አለኝ! ምን አደረግሽኝ?»

«አልነግርህም።»

መስታወቱ የሚነሣበት ቀን እኔ መስመሬ ላይ፣ አያቴ ከኋላዬ ቆመን ነበር። እቴቴ መስታወቱን አነሣች፣ ፎቶውን ላጠችው። የደረቀች ቅጠል ከወረቀቱ ወድቃ በነፋስ ተንከባለለች። እቴቴ ወረቀቱን አየች። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ቀዳዳው በነበረበት ቦታ፣ በነጩ መካከል፣ ጫፏ ሳይቀር የተሣለች አረንጓዴ የሎሚ ቅጠል ተቀምጣለች።

«ማነው ይሄን ያስገባው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ አያቴ።

«ምኑን?»

«የተባለውን።»

ሌላ ሰው የኔን ሥራ ሲወስድብኝ አልችልም። «ውሸቱን ነው፣ እኔ ነኝ!» አልኩ። «ቀዳዳውን ደፈንኩት። የአባባ ደረት ነፋስ እንዳይገባበት። እናንተ ዝም ብላችሁ ስታዩት ጊዜ!»

እቴቴ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። በሻርፗ አፏን ሸፈነች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ወረቀቷን ስላበላሸሁባት አለቀሰች ብዬ ለመሮጥ ተዘጋጀሁ። ድምፅዋ ሲመጣ ግን ቀጭን ነበር።

«አባባ፣ ሰማሃት? ደፍናልሃለች።»

«ሰምቻለሁ» አለ አያቴ። ወደ ጎረቤት ግቢ እያየ ነበር የሚናገረው። «እኔም ሐኪም ቀይሬያለሁ።»

አሁን እቴቴን ስጠይቃት መጀመሪያ ሳቅ ነበር ትላለች፤ ለቅሶው የመጣው ሳቁ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ቦታ ስትመለከት እስከዚያ ቀን ድረስ ሞቷን ብቻ ነበር የምታየው። ድንገት አንዲት ልጅ ቅጠል ለጥፋበት አገኘችው። ከዚያ በኋላ ያለ ቅጠል ያተመችው ደረት የለም። «ዶክተር፣ ዛሬ ምን ይታዘዝ?» ትለኛለች ከሰገነቱ ማዶ። እኔ ከመስመሬ ላይ እወረውርላታለሁ፦ አንድ ቀን ጽጌረዳ፣ አንድ ቀን ወይን፣ አንድ ቀን ከልብስ ሰፊዋ አጥር ያለ ፈቃድ የተቀነጠበ ስሙን የማላውቀው። እቴቴ እየተጣላችኝ ታነሣዋለች። ሥራዎቹ የመመረቂያ ዐውደ ርእይዋ ሆኑ። ግድግዳው ላይ ስለ ሰው ገላና ስለ ዕፅዋት ተዛምዶ ረጅም ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር፤ አሁን ሳነበው ግማሹ ለኔም አይገባኝም። ቅጠል ያዘዘላትን ሐኪም በሚመለከት አንድ መስመር እንኳ የለውም።

ያ ከመሆኑ በፊት ግን ደረቷ እንደገና ፎቶ የሚነሣበት ቀን ነበረ። ሦስቱም ሐኪም ቤት ሲሄዱ እኔን ልብስ ሰፊዋ ጋ አስቀመጡኝ። እሷ መርፌዋን በጥርሷ ይዛ «አይዞሽ፣ አባባ ይመለሳሉ» ትለኛለች። እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ልታጽናናኝ በሞከረች ቁጥር ይበልጥ ታስፈራኛለች። ዛሬ ካልተሳካልኝ የኔ ጥፋት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ምናልባት ትልቅ ቅጠል ነበር የሚያስፈልገው።

መጡ። እናቴ ትልቁን ፖስታ ደረቷ ላይ አቅፋለች። እቴቴ በፍጥነት ትራመዳለች። አያቴ ከኋላ ለመንደሩ ዓይን ሲል ከዘራ ተመርኩዞ ያነክሳል፤ ደረቱን ለታመመ ሰው ማነከስ ምን እንደሚያደርግለት የሚያውቀው እሱ ነው። ሮጬ ተከትያቸው ገባሁ። እናቴ በሩን ቆለፈች፣ ፎቶውን አውጥታ መስኮቱ ላይ ለጠፈችው። ጣቷ አጥንቶቹ መካከል ይሄዳል።

«እስቲ እንደገና ንገሪኝ» አለች።

«የለም» አለች እቴቴ። «ሐኪሙ የለም ብሏል። ጠባሳ ብቻ ነው የቀረው። ጨርሰሻል አለኝ።»

እኔም አየሁ። ደመናው ጠፍቷል።

እናቴ ፎቶውን እንደያዘች መስኮቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ አለቀሰች፣ ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ልጅ። አያቴ ከዘራውን ጣለ። እኔ ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

«አባባ፣ ዳንክ! ዳንክ እኮ!»

እጆቹ ጀርባዬ ላይ ተገጠሙ፤ አጥብቆ ያዘኝ። በትከሻዬ በኩል ልጁን፣ እቴቴን፣ ያያት ነበር። ጉንጩ ጉንጬን አረጠበው።

«ዳንኩ» አለ። «አዎ ልጄ፣ ዳንኩ። ዛሬ ዳንኩ።»

ያኔ እቴቴ መጣች። ፊት ለፊቴ ተንበረከከችና እጆቿን ዘረጋች፤ በጣም ቅርብ፣ ትንፋሿ እስኪሰማኝ። እንዲያ ከቀረበችኝ ስንት ጊዜ እንደሆናት የገባኝ አሁን ነው። ያኔ ግን የምትኮራዋ አክስቴ ዛሬ ምን ነካት ብዬ ነው ያየኋት።

«እኔንስ አትስሚኝም?»

«ቆይ» አልኳት፣ አያቴን ሳልለቅ። «መጀመሪያ የታመመውን።»

እናቴ ለቅሶዋን አቋርጣ ዞረች። አያቴ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ እቴቴ ራሷን ነቅንቃ ከለከለችው።

«ልክ ነሽ» አለችኝ፣ እጆቿንም ሳታጥፍ፣ እንደተንበረከከች ተራዋን ጠበቀች።